ከፋብሪካ አመድ ጋዝ የሚይዝ ሲሊካና ዚዮላይት እንዴት ይሠራል? ለድሬዳዋና ለሐረር ሞካሪዎች

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ኮስቲክ ሶዳው ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ከታች አለ። ግን ከእሱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ አመዱ ውስጥ ምን አለ? ለዚዮላይት የተመቸ አመድ አለ። ሲሊካ ብቻ የሚወጣው አለ። የፈለጋችሁትን ያህል ብትለፉበት ለሁለቱም የማይሆን አመድም አለ። ምን እንደሚሠራ የሚወስነው አመዱ ነው።

መመሪያው ላቦራቶሪ ወይም ቢያንስ የተለየ የሥራ ክፍል ላለው ሰው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለፋብሪካ ኬሚስት፣ ለቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ አይሞከርም። ኮስቲክ ሶዳው ጋ ስንደርስ ምክንያቱ ይገባችኋል።

የምንሠራቸው ሁለት ነገሮች

ሲሊካ ጄልን ታውቁታላችሁ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ «አትብሉት» ተብሎ በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ፍሬ ነው። ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ነው። የአንድ ግራም ጥሩ ሲሊካ ጄል የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ300 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቀዳዳዎቹ እኩል አይደሉም፤ እንደ አሠራሩ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ገደማ ይሰፋሉ። ዋና ሥራው እርጥበት መያዝ ነው።

ዚዮላይት ደግሞ ክሪስታል ነው። ሲሊከን፣ አልሙኒየምና ኦክስጅን በሥርዓት ተያይዘው ስለሚሠሩት ቀዳዳዎቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው። የሶዲየም ዚዮላይት ኤ ቀዳዳ 0.4 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የዚዮላይት ኤክስ 0.74። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል 0.33 ስለሆነ በሁለቱም ይገባል። በመዋቅሩ ውስጥ ሲሊከን በሚቀመጥበት ቦታ አልሙኒየም በገባ ቁጥር አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይተርፋል። እሱን የሚያመጣጥነው ሶዲየም ነው፤ ጋዙን ስቦ የሚይዘውም በዋናነት ይኸው ሶዲየም ነው። በኮሮና ጊዜ ስሙ የገነነው ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን የሚያስቀረው በዚሁ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ዚዮላይት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ውሃ ይወዳል። እርጥብ ጋዝ ካሳለፋችሁበት በውሃ ይሞላና ለሌላው ቦታ አይኖረውም። ሁለቱን አብረን የምንሠራውም ለዚህ ነው። ሲሊካው ጋዙን ያደርቃል፣ ዚዮላይቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል። ለባዮጋዝ ማጣሪያ፣ ለፋብሪካ ኮምፕሬሰር አየር ማድረቂያ፣ ለዶሮ ቤት አሞኒያ መቀነሻ መሞከር ይቻላል።

አመድ መረጣ

«ሲሚንቶ ፋብሪካ እያለልን አመድ ፍለጋ ምን አስኬደን?» የሚል የድሬ ልጅ አይጠፋም። ቆይ አቦ! የሲሚንቶ ምድጃ ድንጋይ ከሰል ቢያነድም አመዱ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ተዋህዶ ክሊንከር በሚባለው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ በሚሆነው ጓል ውስጥ ይቀራል። ለብቻው የሚወጣ የከሰል አመድ የለም። ከማጣሪያው የሚሰበሰበው ብናኝ ደግሞ በካልሲየም የተሞላ ነው። ካልሲየም ለዚህ ሥራ ጠላት ነው፤ ሲሊካውን ይዞ ካልሲየም ሲሊኬት ይሆንና ዚዮላይት ሊሆን የሚችለውን ይቀማችኋል።

ለዚዮላይት የሚፈለገው እንፋሎት ለማመንጨት ድንጋይ ከሰል የሚያነድ የፋብሪካ ቦይለር አመድ ነው። ከጭስ ማጣሪያው የሚወርደው ደቃቁ ከእሳቱ ሥር ከሚጠረገው ሻካራ ይሻላል። ደቃቁ በነበልባሉ ውስጥ ቀልጦ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ትልቁ ክፍሉ የብርጭቆ ባሕርይ አለው። ብርጭቆ በኮስቲክ ሶዳ ይሟሟል። ሻካራው ውስጥ ያሉት ኳርትዝና ሙላይት የሚባሉ ክሪስታሎች ግን በቀላሉ አይበገሩም።

ለሲሊካ የሚሆነው የባጋስ አመድ ነው። ባጋስ አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ነው፤ ስኳር ፋብሪካዎች ለቦይለራቸው የሚያነዱት እሱን ነው። መተሐራ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ለእኛ አይርቅም። የባጋስ አመድ ሲሊካው ብዙ፣ አልሙኒየሙ ትንሽ ነው፤ ከማሳ የመጣ አሸዋም አይታጣበትም። የሩዝ ገለባ ቅርፊት አመድ ካገኛችሁማ ከሁሉም ይበልጣል። ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ነው። ችግሩ ሩዙ ፎገራ፣ እኛ ድሬ።

የሐረር ቡና ገለፈትስ? ብዙ አለ፤ ቡናችን በደረቁ ስለሚፈለፈል ገለፈቱ የትም ይገኛል። አመዱ ግን በዋናነት ፖታሲየም ነው። ገለፈቱ ለሆጃ ይሁን። የእንጨት አመድም እንደዚሁ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፤ ተዉት። የከተማ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚወጣ አመድ እርሳስና ካድሚየም ሊኖርበት ስለሚችል ጭራሽ አትንኩት።

አመዱን ካገኛችሁ በኋላ አራት ቀላል ምርመራ አድርጉ። አንድ፣ አቼቶ ወይም ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ካልሲየም አለበት። ሁለት፣ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ በአመዱ ውስጥ አሳልፉ፤ ተጣብቆ የሚወጣው ብረት ነው፤ አውጡት። ሦስት፣ 105 ዲግሪ ላይ አድርቃችሁ መዝኑ፣ ከዚያ 750 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቃጥላችሁ መዝኑ። የጎደለው በዋናነት ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። ከ5 ወይም 6 በመቶ ከበለጠ ከሥራው በፊት ማቃጠል ግድ ነው። አራተኛው ከእጃችሁ ውጭ ነው፤ የኤክስ አር ኤፍ ትንታኔ፣ ማለትም አመዱ ውስጥ ምን ምን ስንት በመቶ እንዳለ በኤክስሬይ መለካት። ወደ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ናሙና መላክ ይጠይቃል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሁሉም ቀድሞ የሚዘለለው ይህ ነው፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህ ይቅር አልልም።

ውጤቱ ሲመጣ የሲሊካውን በመቶኛ ለአልሙናው (ለአልሙኒየም ኦክሳይዱ) በመቶኛ አካፍሉና በ0.85 አባዙ። የሲሊከንና የአልሙኒየም አቶሞች ንጽጽር ይወጣላችኋል። ለምሳሌ ሲሊካው 55፣ አልሙናው 25 ቢሆን 2.2 ይሆናል፤ በ0.85 ሲባዛ 1.87። ይህ ለዚዮላይት ኤክስ ጥሩ ነው። ወደ 1 ከተጠጋ ወደ ዚዮላይት ኤ ያደላል። ከ2.5 በላይ ከሆነ አልሙኒየም መጨመር ያስፈልጋል። ካልሲየም ኦክሳይዱ ከ10 በመቶ ካለፈ ወይ በአሲድ እጠቡት፣ ወይ ሌላ አመድ ፈልጉ። እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

ዕቃና ጥንቃቄ

ኮስቲክ ሶዳ ሳሙና ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚሸጥ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ዓይን ያጠፋል። መነጽሩ ጎኑ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ ጓንቱ ረጅም የጎማ፣ ጫማው ድፍን። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሮ «ማርከስ» የሚባል ነገር የለም፤ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ደረቅ አመድ ስትፈጩም ጥሩ ማስክ አድርጉ፤ ደቃቅ ኳርትዝ ሳንባ ይጎዳል።

የቤታችን ድስት አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፤ በዚያ ላይ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ስቴንለስ ዕቃ ብቻ። የውሃ ፕላስቲኩ ሃይላንድም አይሆንም፤ ትኩስ ኮስቲክ ያፈርሰዋል። ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ፈልጉ። ለማቅለጫ ኒኬል ወይም ወፍራም ስቴንለስ ክሩሲብል ያስፈልጋል። ሸክላውና ብርጭቆው በቀለጠ ሶዳ ይበላሉ።

ውሃው የድሬዳዋ ዋና ጣጣ ነው። የሻይ ጀበናችሁን ውስጥ የሚያለብሰው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው። የቧንቧ ውሃ ከተጠቀማችሁ ካልሲየሙ ሲሊኬቱን ያዘቅጣል፤ በማጠቢያ ላይ ደግሞ ከዚዮላይቱ ሶዲየም ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ያኔ የተለያየ ቀን የሠራችሁት ዕቃ የተለያየ ጠባይ ይኖረዋል፣ ምክንያቱም አይገባችሁም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

ሚዛን 0.01 ግራም የሚለይ ይሁን። የወርቅ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

ሲሊካ ጄል ከባጋስ አመድ

መጀመሪያ አመዱን በ600 ዲግሪ አራት ሰዓት ያህል አቃጥሉ። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ወይም ነጭ መለወጥ አለበት። ከ700 አትለፉ። ሙቀቱ ከበዛ ሲሊካው ክሪስቶባላይት ወደሚባል ክሪስታል ይለወጥና ኮስቲኩ አይደፍረውም።

ቀጥሎ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠቡት። 37 በመቶ የሆነውን አሲድ 83 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩና ጠቅላላውን 1 ሊትር አድርሱት። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ተገላቢጦሹ ያፈነዳል። 100 ግራም አመድ በ1 ሊትሩ ውስጥ 70 ዲግሪ አካባቢ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ይማሰል። ይህ ፖታሲየሙን፣ ካልሲየሙንና ብረቱን ያወጣል። የባትሪ አሲድ በዚህ ቦታ አይሆንም፤ ሰልፈሪክ ከካልሲየም ጋር ጂፕሰም ሆኖ እዚያው ይቀራል። አጥልሉ፣ በውሃ አጥባችሁ አድርቁ።

አሁን ሲሊካውን እናሟሟለን። ለ100 ግራም የታጠበ አመድ 600 ሚሊ ሊትር ኮስቲክ ያስፈልጋል። ለሩዝ ገለባ ቅርፊት 1 ሞላር ይበቃል፤ ማለትም በሊትር 40 ግራም። ባጋሱ ሰነፍ ስለሆነ 2 ሞላር፣ በሊትር 80 ግራም አድርጉለት። በስቴንለስ ድስት፣ ክዳን ተደርጎበት፣ እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉ። ውሃው ሲጎድል ሙሉት። ከዚያ ትኩሱን በወፍራም ጨርቅ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። የሚወርደው ጠራ ያለ ሶዲየም ሲሊኬት ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ካርቦኑ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የቀረው በዋናነት አሸዋ ነው።

ከዚህ ሲሊኬት ሩቡን በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድናችሁ አስቀምጡ። ዚዮላይቱ ጋ ይፈለጋል።

ቀሪው ወደ ጄል ይለወጣል። እዚህ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። አዲስ የባትሪ አሲድ 4.5 ሞላር አካባቢ ስለሆነ አንዱን እጅ ከሦስት ተኩል እጅ ውሃ ጋር ስታቀጥኑት ወደ 1 ሞላር ይጠጋል። ሲሊኬቱ ቀዝቅዞ እየተማሰለ አሲዱን በቀስታ ጠብ ጠብ አድርጉ። ፒኤች ወደ 10 ሲወርድ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ከዚያ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ማማሰሉን ሳታቋርጡ ፒኤች 7 ላይ አቁሙ። ብትቸኩሉ አሲዱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ይጓጉልና ጓል የበዛበት፣ ቀዳዳው የተዘበራረቀ ጄል ይወጣል።

ሌሊቱን ተከድኖ ይደር። ጠዋት ሰባብራችሁ በሙቅ የተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ውስጡ ያለው ሶዲየም ሰልፌት ካልወጣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ማጠቢያው መቼ እንደሚበቃ ለማወቅ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሰዎች የሚይዙት የጨው መለኪያ ብዕር ይረዳል። የማጠቢያው ውሃ ንባብ ወደ ንጹሑ ውሃ ሲጠጋ አቁሙ።

የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ነው፤ ብዙ መመሪያ ግን ዘሎት ያልፋል። ጄሉን ፒኤች 3 ወይም 4 ባለው ውሃ አጥባችሁ ካደረቃችሁት ቀዳዳው ጠባብ፣ ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር፣ ገጹ ደግሞ ሰፊ ይሆናል። እርጥበት ለመያዝ የሚሻለው ይህ ነው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ከፈለጋችሁ ጄሉን ፒኤች 8 ወይም 9 ባለው ሙቅ ውሃ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ፣ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት። ሲደርቅም ውሃው ከቀዳዳው ሲወጣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጄሉ ይጨማደዳል። ውሃውን በአልኮል ደጋግሞ መተካት ይህን ይቀንሰዋል፣ ግን አልኮሉ ውድ ነው። ለጋዝ ማድረቂያ ያን ያህል አያስፈልግም። በ80 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ መጨረሻ ላይ በ120 ሁለት ሰዓት ይቆይ።

በ1992 የታወቀው ኤም ሲ ኤም 41 የሚባል ቀዳዳው እኩል የሆነ ሲሊካም ከዚሁ ሲሊኬት ይሠራል፤ ግን ሲታብ የሚባል ልዩ ሳሙና መሰል ኬሚካል ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

ዚዮላይት ኤክስ ከከሰል አመድ

የከሰል አመድን ወደ ዚዮላይት መለወጥ ሆለርና ቪርሺንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳዩት ነው። እነሱ አመዱን በቀጥታ በኮስቲክ ውሃ ነው የቀቀሉት። ያ መንገድ ቀላል ቢሆንም ኳርትዙና ሙላይቱ ሳይነኩ ይቀራሉ። እኛ የምንከተለው አስቀድሞ ከሶዳው ጋር አቅልጦ የሚጀምረውን ነው።

አመዱን ከብረትና ከካርቦን አጽድታችሁ፣ ዱቄት አድርጋችሁ 50 ግራም መዝኑ። 60 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ጨምሩ። ንጽጽሩ 1 ለ 1.2 መሆኑ ነው። ሶዳው እርጥበት ስለሚስብ ፈጥናችሁ አብራችሁ ፍጩና ክሩሲብሉን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉ፤ ሲሞቅ ይንተከተካል። ፈርነሱን ቀስ በቀስ ወደ 550 ዲግሪ አድርሱና አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ። ሶዳው 318 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አመዱን የሚፈታበት ነው። ሲወጣ አረንጓዴ ቢመስል አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የማንጋኒዝ ቀለም ነው።

ሲቀዘቅዝ ፍጩት። 500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ይሞቃል። የሲሊከንና የአልሙኒየሙ ንጽጽር ከ1.5 በታች ከነበረ ያስቀመጣችሁትን የባጋስ ሲሊኬት የምትጨምሩት አሁን ነው። የጨመራችሁትን ያህል ከውሃው ቀንሱ። አልሙኒየም ካነሰ ደግሞ ሶዲየም አልሙኔት ይጨመራል። የአልሙኒየም ጣሳና ፎይል በኮስቲክ አሟሙቶ መሥራት ይቻላል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን 27 ግራም አልሙኒየም ከ36 ሊትር በላይ ሃይድሮጅን ያወጣል። በደንብ አየር ከሚያስወጣ ሁድ ውጭ አትሞክሩት፤ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል።

ቀጥሎ ማቆየት ነው። ድብልቁ ሳይሞቅ ከ12 እስከ 24 ሰዓት እየተማሰለ ይቆያል። የዚዮላይቱ ዘር የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። የአሠራር ጽሑፎች «በክፍል ሙቀት» ሲሉ 20 ወይም 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ክፍል ሙቀት ሌላ ነገር ነው። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት። ሐረር ያላችሁ ይህ ችግር የለባችሁም።

ከዚህ በኋላ ፈሳሹን ካልሟሟው ዝቃጭ ለይታችሁ ፈሳሹን ብቻ መቀጠል ትችላላችሁ። ንጹሕ ዚዮላይት ይወጣል፣ መጠኑ ግን ያንሳል። ሁሉንም አብሮ መቀጠል መጠኑን ያበዛል፣ ቆሻሻውም አብሮ ይቀራል። ለጋዝ ሥራ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ክሪስታሉ የሚያድገው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እዚህ ላይ ከፍታችን ይረዳናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ 94 ላይ ይፈላል። ስለዚህ ውድ መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። በቀስታ የሚፈላ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ሙቀቱ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ድብልቁን በአራት ትንንሽ የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙሶች ከፋፍሉ፤ እያንዳንዱን እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ሙሉና ክደኑ። ውሃው ውስጥ አስቀምጡ። ከአሁን በኋላ አትነቅንቁት፤ ማማሰል ወደ ሌሎች ዓይነቶች ይገፋዋል።

ለምን አራት? ዚዮላይት ኤክስ ዘላቂ አይደለም። መጀመሪያ እሱ ይመጣል፤ በፈሳሹ ውስጥ ከቆየ ግን ዚዮላይት ፒ ወደሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ይለወጣል። ሶዳው ከበዛ ደግሞ ሶዳላይት ይሆናል፤ ሶዳላይት ለካርቦን ዳይኦክሳይድ በሩ ዝግ ነው። ትክክለኛው ሰዓት በየአመዱ ይለያያል። ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ በ6ኛው፣ ሁለተኛውን በ10ኛው፣ ሦስተኛውን በ16ኛው፣ የመጨረሻውን በ24ኛው ሰዓት አውጡ። የትኛው እንደተሳካ ምርመራው ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ለዚያ አመድ ሰዓቱን አገኛችሁ።

እያንዳንዱን አጥልላችሁ ማጠቢያው ፒኤች 9 ወይም 10 እስኪሆን እጠቡ። እስከ 7 ድረስ ልጠብ ብላችሁ አትድከሙ፤ ከመጠን በላይ ማጠብ ሶዲየሙን ያስወጣል። በ105 ዲግሪ አድርቁ።

ፍሬ ማድረግና ማንቃት

ዱቄት ቱቦ ይደፍናል። 80 እጅ ዚዮላይት ከ20 እጅ ካኦሊን ወይም ቤንቶናይት ሸክላ ጋር በትንሽ ውሃ አቡኩና በፋርማሲ ሲሪንጅ እየገፋችሁ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ አድርጋችሁ ቁረጡት። በጥላ ይድረቅ፤ የድሬ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በ550 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይተኮስ። ወደ 700 ከተጠጋ መዋቅሩ ይፈርሳል።

አተኳኮሱ ላይ አትቸኩሉ። እርጥብ ዚዮላይት በድንገት ሲሞቅ ከራሱ የሚወጣው እንፋሎት ክሪስታሉን ይጎዳዋል። 150 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቁሙት፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሲወጣ ሞቅ እንዳለ ጎማ ባለው ክዳን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ክተቱት። ክፍት ከተተወ ከአየሩ ላይ ውሃ መሳብ ይጀምራል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ኤክስ አር ዲ (የክሪስታሉን ዓይነት በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ) ካገኛችሁ በመዳብ ኤክስሬይ ቱቦ ሲነበብ የዚዮላይት ኤክስ ዋና ምልክት 6.1 ዲግሪ ላይ ይቆማል። የኤ 7.2 ላይ ነው። 28.1 ላይ ጎልቶ የሚታይ ካለ ፒ ገብቷል። 14.1 እና 24.5 ሶዳላይት ነው። 26.6 ላይ ያለው ያልሟሟ ኳርትዝ ነው፤ ትንሽ ቢኖር አይገርምም።

ካላገኛችሁ ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ የውሃ ምርመራ። በ300 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያደረቃችሁትን ናሙና መዝናችሁ፣ ሥሩ የጠገበ የማግኒዥየም ክሎራይድ ውሃ ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ከላይ አንጠልጥሉት። ይህ ጨው እርጥበቱን 33 በመቶ ላይ ይይዘዋል። ከአንድ ቀን በኋላ መዝኑ። ጥሩ ዚዮላይት ኤክስ ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ ይጨምራል። ጥሬው አመድ ብዙም አይንቀሳቀስም።

ዚዮላይት ፒም ግን ውሃ ስለሚይዝ ይህ ብቻውን ያታልላል። ቁርጡን የሚለየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምርመራ ነው። 20 ግራም የነቃ፣ ማለትም ተተኩሶ ውሃው የወጣለት ፍሬ በአጭር ቱቦ ውስጥ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በጥጥ ዝጉና መዝኑ። ከስኳርና እርሾ ወይም ከአቼቶና ቤኪንግ ሶዳ የሚወጣውን ጋዝ መጀመሪያ በራሳችሁ ሲሊካ ጄል ውስጥ አሳልፉት፣ ቀጥሎ በዚዮላይቱ፣ በመጨረሻ በኖራ ውሃ። ኖራ ድሬዳዋ ላይ ችግር አይደለም። አንድ ማንኪያ በተጣራ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩና ከላይ የጠራውን ቅዱ።

ዚዮላይቱ እየያዘ ሳለ የኖራው ውሃ ጠርቶ ይቆያል። ሲጠግብ ነጭ ይሆናል። ያኔ ቱቦውን መዝኑ። በግራም 3 ሚሊ ሞል የሚይዝ ዚዮላይት ከሆነ 20 ግራሙ 2.6 ግራም ይጨምራል። ገበያ ላይ ያለው፣ 13 ኤክስ የሚባለው ዚዮላይት ኤክስ በንጹሕ ጋዝ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሞል ይደርሳል። ከአመድ የተሠራና ሸክላ የተቀላቀለበት ያንሳል፤ 2 ካለፈ ለባዮጋዝ ሙከራ በቂ ነው። ከ1 በታች ከሆነ ፒ ወይም ሶዳላይት ይዛችኋል። ቱቦው ሲሞላ ይሞቃል፤ ጤነኛ ምልክት ነው። የኖራው ውሃ ወዲያው ከነጣ ግን ወይ ፍሬው እርጥብ ነው፣ ወይ ጋዙ ቸኩሏል። ፍሰቱን ቀንሳችሁ ድገሙ።

ለባዮጋዝ ስትጠቀሙ የመጀመሪያው ቱቦ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ ይሁን፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ይይዛል። ቀጥሎ ሲሊካ ጄል፣ በመጨረሻ ዚዮላይት። ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ዚዮላይቱ በውሃና በሰልፈር ይሞላል። ሲጠግብ ቱቦውን ከመስመሩ አውጥታችሁ፣ የቀረውን ጋዝ ከቤት ውጭ በአየር አስወጥታችሁ ብቻ አሙቁት፤ ሚቴን ያለበት ቱቦ እሳት አጠገብ አይቀርብም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለማስወጣት 200 ዲግሪ ይበቃል። ውሃ ከገባበት ከ300 እስከ 350 ያስፈልገዋል። ሲሊካ ጄሉ በ120 ይታደሳል።

የሚተርፈው ፈሳሽ

ዚዮላይቱ ሲጠለል የሚወርደው ፈሳሽ አሁንም ኮስቲክ ሶዳና ሲሊኬት አለበት። አትድፉት፤ ለሚቀጥለው ዙር የውሃውን ከፊል ተኩበት፣ ሶዳ ይቆጥብላችኋል። ለዘላለም ግን አይዞርም። የከሰል አመድ ውስጥ ያለው አርሴኒክ፣ ቫናዲየምና ክሮሚየም በኮስቲክ ውስጥ ይሟሟል፤ በየዙሩ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በአሲድ ፒኤቹን 7 ማድረግ ቃጠሎውን እንጂ እነዚህን አያጠፋም። ስለዚህ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አይደፋም፤ አሸዋው ሥር ያለው ውሃ ወደ ሰው ጉድጓድ ይሄዳል። በፕላስቲክ ጀሪካን ሰብስባችሁ፣ የአመዱን ምንጭና ቀኑን ጽፋችሁበት፣ የኬሚካል ቆሻሻ ለሚቀበል ላቦራቶሪ ወይም ፋብሪካ አስረክቡ። በዚሁ ምክንያት ከከሰል አመድ የተሠራውን ዚዮላይት ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ፣ ለእህል ማከማቻ ወይም ለሕክምና ኦክስጅን አትጠቀሙ።